የሰፈራችንን ታሪክ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሰባራ ባቡር ነው። የሰፈሩን ታሪክ የሚሰበስብ ማኅበር አቋቁመናል። የመጀመሪያው ዝግጅት ምን ይሁን?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ንግግሩን ተዉትና ቡና አፍሉ። ሁሉም አንድ የድሮ ፎቶ ይዞ ይምጣ። እኛ ሰፈር አንዲት እናት ጠርዙ የተበላ የሠርግ ፎቶ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ። ከሙሽሮቹ ኋላ ዛሬ የሌለ የእንጨት በረንዳ ይታያል። ከዚያማ ወሬውን ማን ያቁመው!

ፎቶውን እዚያው በስልክ አንሱና መልሱላቸው። የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ደብተር ላይ ጻፉ።

በቀጣዩ እሑድ ልጆቹን ይዛችሁ በእግር ዙሩ። ሰፈራችሁ ስሙን ያገኘው አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በምኒልክ ዘመን ካስመጣው፣ ተሰብሮ ከቀረው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ባቡር ነው። ይህን ከአያቶቻቸው አፍ ይስሙት። ድምፃቸውን መቅዳት እንዳትረሱ።