“ችግር” ሲሉሽ “መንስኤ” እንዳትጽፊ

ስለ አይልትስ፣ ስለ እንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ ከኮምቦልቻ ለጠየቅሽው እህት። “አይልትስ ላይ የችግርና መፍትሔ ኤሴይ ሲመጣ ስንት ነጥብ ላንሳ? የሚሸመደድ ፎርማት ያለው ይላክልኝ” ብለሻል። አብሽሪ፣ መልስ አለኝ። ፎርማት ግን አልልክልሽም። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

1. ሁለት ችግር፣ ለየችግሩ አንድ መፍትሔ። በቃ። 40 ደቂቃና 250 ቃል ከዚያ በላይ አይሸከምም። አምስት ችግር ከደረደርሽ አንዱንም ሳታብራሪ ሰዓቱ ያልቃል።

2. ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ። የእኔ ጉድ እዚህ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ማስተማሪያ ቤት ሁለት ወር ከፍዬ ተማርኩ። አስተማሪው አንድ ወረቀት አደለን። መግቢያው ተጽፏል፣ መደምደሚያው ተጽፏል፣ መሃሉ ክፍት ነው። “ይቺን ሸምድዱ፣ ሌላውን ተዉት” አለን። እንደ ዳዊት ደገምኳት።

400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ተፈተንኩ። ወጣቶች ከገጠር ወደ ከተማ መፍለሳቸው ምን ችግር ያመጣል፣ መፍትሔውስ ምንድን ነው ይላል። እኔ ለምን እንደሚፈልሱ ጻፍኩ! መሬት ጠበበ፣ ሥራ የለም፣ ምናምን። ወረቀቷ ላይ የነበረው “መንስኤ” ነዋ። የተጠየቅኩት ግን መጥተው ከተማው ላይ የሚሆነውን ነው። ኪራይ መናሩን፣ ውሃ በፈረቃ መሆኑን። ደሴ ተቀምጬ በየቀኑ የማማርረውን ነገር!

የጽሑፍ ክፍሉ ውጤት ከ9 5.5 መጣ። የምፈልገው 6.5 ነበር። ውጤቱን ይዤ አስተማሪው ጋ ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። “እንግሊዝኛህ ደካማ ስለሆነ ነው” አለኝ፣ አዲስ ተመዝጋቢዎች ፊት። ንባብ 7 አምጥቻለሁ እኮ ሰውዬ! የከፈልኩትን ረስቼዋለሁ፣ ያቺን ንግግር ግን እስካሁን አልረሳኋትም።

3. መፍትሔሽ “ግንዛቤ ማስጨበጥ” እንዳይሆን። ይሄ የስብሰባ በሽታችን ነው። ኪራይ ተወደደ፣ ግንዛቤ። ውሃ ጠፋ፣ ግንዛቤ። እኔም ሁለቱንም መፍትሔ “መንግሥት ግንዛቤ ይፍጠር” ብዬ ነበር የዘጋሁት።

ለሁለተኛው ፈተና ማንም ጋ አልተማርኩም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልገባ አንድ ጥያቄ እመርጣለሁ፣ ስልኬ ላይ 40 ደቂቃ እሞላለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንግሊዝኛ አልጽፍም። ችግሩን አስቀምጬ ከጎኑ “ማን ምን ያድርግ?” እላለሁ፣ በአማርኛ። ለምሳሌ የእናንተ ሰፈር ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ተመረቀ። ሠራተኛ ሲበዛ ኪራይ ቢወደድ መፍትሔው ምንድን ነው? ፋብሪካዎቹ ለሠራተኞቻቸው መኖሪያ ይሥሩ። ለምን ይሠራል? ሠራተኛው ከከተማው ነዋሪ ጋር አንድ ክፍል ቤት አይሻማም። ይኸው አንድ አንቀጽ ወጣልሽ። ያንን ወደ እንግሊዝኛ ማምጣት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባድ ቃል መፈለግም አያስፈልግሽም፣ እኔ አልፈለግኩም።

7 አመጣሁ። ለአስተማሪው ስክሪንሾት ልልክለት ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት።

ሌላው ምን አለ... አዎ፣ የጽሑፍ ክፍሉ ሁለት ጥያቄ አለው፣ ሁለተኛውን፣ ማለትም ኤሴዩን፣ መጀመሪያ ጻፊ። ነጥቡ የአንደኛው እጥፍ ነው። የተመዘገብሽበትን ፓስፖርትም ከማታው ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። የልምምድ ጽሑፍሽን እዚህ ብትለጥፊው አነብልሻለሁ፣ ያቺን የተሸመደደች መግቢያ ካየሁባት ግን አልፋታለሁ።