ሁለቱም «48» ቢሉም ቻርጀሩ የባትሪህ አይደለም

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልህ ቻርጀር ሲበላሽብህ በአሲድ ባትሪ ለሚሠራ ተሽከርካሪ የተሠራ ቻርጀር ተውሰህ፣ «ሁለቱም 48 ቮልት ይላሉ» በማለት ሌሊት ሌሊት በር ሥር እንደምትሞላ ነግረኸኛል። አሁን የባትሪው ሽፋን አብጧል፤ አንተም የደከሙትን ሴሎች (ባትሪው የተሠራባቸውን ትንንሽ ባትሪዎች) ከአሮጌ ላፕቶፕ በወጡ ልትተካ አስበሃል።

ከሁሉ በፊት ባትሪውን ዛሬውኑ ከቤት አውጣው። ልጆችህ ውስጥ ተኝተው፣ እሳት ቢነሳ ብቸኛውን መውጫ የሚዘጋው እሱ ነው። ጥላ ባለበት ደጅ፣ ከጭድና ከእንጨት ርቆ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ያበጠው በውስጡ በተፈጠረ ጋዝ ነውና አትጫነው፣ አትብሳው፣ ዳግመኛም አትሙላው።

48 መጠሪያ ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ባለ 48 ቮልት የሊቲየም ባትሪዎች 13 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙባቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ድምሩ 54.6 ነው። የአሲዱ ቻርጀር ግን እስከ 58 ቮልት አካባቢ ይገፋል፤ ለአንድ ሴል ከ4.4 በላይ ማለት ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሙሌቱን ያቋርጠዋል ብለህ ይሆናል። ሰሌዳው ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ የመጨረሻ መከላከያ እንጂ በየሌሊቱ የሚፈተን አይደለም።

የላፕቶፑን ሴሎች ነገር እርሳው። ዕድሜያቸውና አቅማቸው ስለሚለያይ ደካማው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ያልቃል። በተለይ ለረጅም ጊዜ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ውስጡ መዳብ ስለሚሟሟ፣ መልሰህ ስትሞላው ሁለቱ ጫፎቹ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝተው (ሾርት አድርጎ) ሊጋይ ይችላል። ሴል ላይ በካውያ መበየድም ውስጡን በሙቀት ይጎዳል፤ በእጅህ ያለ ቀለበት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ደግሞ ጣትህን ያቃጥላል።

ጭስ ካየህ ልጆቹን ይዘህ ውጣ፤ ጭሱ መርዛም ነው። መንገድህ ላይ ከሆነ ብቻ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፋ። ከውጭ ሆነህ ማቀዝቀዝ ከቻልክ ከርቀት ብዙ ውኃ አፍስስበት። አሸዋ ነበልባሉን ቢሸፍነውም የውስጡን ሙቀት አያወርደውም፤ የጠፋ የመሰለው እሳትም ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ይችላል።

አዲስ ባትሪ ስትገዛ ቻርጀሩን አብረህ ግዛ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከሆነ የሚሞላበት ቮልት ሌላ ነውና፣ ከመግዛትህ በፊት በባትሪውና በቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አይቼ እነግርሃለሁ።