መልስ፦ ኤልኤም336ን (ቋሚ የማመሳከሪያ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ቺፕ) ልክ 2.500 ቮልት ላይ አስተካክዬው ሲሞቅ ለምን ይንሸራተታል?

2.500ን ተወውና 2.490 ቮልት ላይ አቁመው።

በኤልኤም336-2.5 (የ2.5 ቮልቱ ዓይነት) ፖቱን፣ ማለትም የሚዞረውን ተለዋዋጭ ሬዚስተር፣ ስታዞር የሚቀየረው ቮልቴጁ ብቻ አይደለም፤ ከሙቀት ጋር የሚንሸራተትበት መጠንም አብሮ ይቀየራል። መንሸራተቱ ትንሹ የሚሆነው 2.490 ላይ ነው። አንተ ክብ ቁጥር ስትፈልግ ከዚያ ነጥብ አስወጣኸው።

1. የ10 ኪሎ ኦሙን ፖት ጫፎች ከፕላስና ከማይነስ ጋር አገናኝ፤ ግን በቀጥታ ሳይሆን በየጫፉ አንድ ተራ የሲሊከን ዳዮድ በመሃል አስገባ። ሁለቱም ከፕላስ ወደ ማይነስ የሚያስተላልፉ ይሁኑ። የፖቱ መሃለኛ እግር ወደ 336ቱ ማስተካከያ እግር (ADJ) ይሄዳል።

2. ዳዮዶቹን ከ336ቱ አጠገብ በይዳቸው፣ እኩል እንዲሞቁ። በሽቦ አርቀህ ካስቀመጥካቸው ጥቅም የላቸውም። የፖቱ ዋጋ ግን ብዙ አያስጨንቅም፤ ከ2 እስከ 20 ኪሎ ኦም ያለው ሁሉ ይሠራል።

3. የግድ 2.500 ካስፈለገህ 336ቱን ሳትነካ ከኋላው ኦፕ-አምፕ (ቮልቴጅ የሚያጎላ ቺፕ) አድርገህ ቮልቴጁን በ1.004 አባዛው። ንባቡ ወደ ማይክሮ ኮንትሮለር የሚገባ ከሆነ ደግሞ ምንም አትጨምር፤ ኮዱ ውስጥ 2.5 ያልክበትን 2.49 በለው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ግማሽ ቀን ያስፈጀኝ ነው። በርካሽ መልቲሜትር እየለካሁ ሳስተካክል ውዬ፣ ሌላ መልቲሜትር ስይዝበት ቁጥሩ ሌላ ሆነ። ስህተቱ ግማሽ በመቶ የሆነ መለኪያ እዚህ ቮልቴጅ ላይ ወደ 12 ሚሊቮልት ሊስት ይችላል፤ አንተ የምትፈልገው ልዩነት ደግሞ 10 ሚሊቮልት ነው። ፖቱን ከመንካትህ በፊት የተሻለ መለኪያ ተዋስ።