የፒ53 አንቲቦዲና የቲሹ ናሙና፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ፒ53 የሌሎችን ጂኖች ሥራ ከሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። በቲሹ ውስጥ በአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ሲፈለግ የሚያጋጥማችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጥ፦ አንቲቦዲው ለዌስተርን ብሎት (ከሴል የወጡ ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ ለሚፈልገው ዘዴ) ተፈትሿል ይላል። ፓራፊን (ሰም) ውስጥ ላለ ቲሹስ ይሆነኛል?

መ፦ ይህን ብቻ አይተው አይግዙት። ዌስተርን ብሎት ላይ ፕሮቲኑ የሚቀርበው የታጠፈበት ቅርጽ ተፈትቶ ነው። ቲሹውን ግን ፎርማሊን (ቲሹ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ነክቶታል፤ ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያቆራኝ አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ሊሸፈን ይችላል። በፓራፊን ቲሹ ላይ መሞከሩን የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቁ፤ ቀለሙ ያረፈው ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ውስጥ መሆኑንም ይዩ።

ጥ፦ የተሸፈነውን በምን ልግለጠው?

መ፦ በሙቀት። ስላይዱን ፒኤች 6 በሆነ ሲትሬት ወይም ፒኤች 9 በሆነ ትሪስ-ኢዲቲኤ በሚባል ፈሳሽ ውስጥ፣ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት የተለመደ ነው። ከአንድ ብሎክ (ቲሹው ከተቀበረበት የፓራፊን ቁራጭ) በተቆረጡ ስላይዶች ሁለቱንም ጎን ለጎን ይሞክሯቸው። ለኒውክለስ ፕሮቲኖች ብዙ ጊዜ ፒኤች 9 ይሻላል።

ጥ፦ ዕጢው አንዳች ቀለም አልያዘም። ፒ53 ጤነኛ ነው ልበል?

መ፦ እባክዎ እንዲህ ብለው አይጻፉ! በጤነኛ ሴል ኤምዲኤም2 የሚባል ፕሮቲን ፒ53ን በደቂቃዎች ውስጥ እንዲፈርስ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሚታየው እዚህም እዚያም የተበተነ፣ አንዱ ፈዘዝ ሌላው ደመቅ ያለ ቡናማ (አንቲቦዲው የያዘበትን የሚያሳይ ቀለም) ኒውክለስ ነው። ሚውቴሽኑ (የጂኑ ለውጥ) ከፕሮቲኑ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ሲለውጥ ፕሮቲኑ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈርስ ይከማችና የዕጢው ኒውክለሶች ሁሉም ማለት ይቻላል ይደምቃሉ። ሚውቴሽኑ ፕሮቲኑን ገና ሲሠራ የሚያቋርጠው ከሆነ ግን የሚቀለም ነገር አይኖርም። ባዶነት ራሱ የሚውቴሽን ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መለያው ዙሪያው ያሉት ጤነኛ ሴሎች ናቸው፦ በዕጢው መሃል የገቡትን ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሴሎች) እና የደም ሥር ግድግዳ ሴሎችን ይዩ። እነሱ ላይ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ካለ የዕጢው ባዶነት እውነተኛ ነው። እነሱም ሰማያዊ (ኒውክለሶችን ሁሉ የሚያሳየው የመደብ ቀለም) ብቻ ከሆኑ አሠራሩ ከሽፏል፤ ይድገሙት።

ጥ፦ አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን እየያዘ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?

መ፦ ፒ53 በሌላቸው ሴሎች። ሳኦስ-2 እና ኤች1299 የሚባሉት የላብራቶሪ ሴሎች ጥሩ ናቸው። ሴሎቹን እንደ ቲሹው በፎርማሊንና በፓራፊን አሳልፈው ይቀልሟቸው፤ ቡናማ ከታየ አንቲቦዲውን ይተዉት። ይህን ፈተና ብዙዎች እንደ ትርፍ ሥራ ያዩታል፣ እኔ ግን ያለሱ ውጤት አላምንም። በ2017 የታተመ ጥናት ኢስትሮጅን ተቀባይ ቤታ ለሚባል ሌላ ፕሮቲን የሚሸጡ 13 አንቲቦዲዎችን ፈትሾ በትክክል የሚለይ ሆኖ ያገኘው አንዱን ብቻ ነበር። በቀሩት ስንት ሥራ እንደተሠራ አስቡት።

ጥ፦ ዲኦ-7 (የሰውን ፒ53 የሚይዝ፣ ከአይጥ የተገኘ አንቲቦዲ) ለአይጥ ቲሹ ይሠራል?

መ፦ አይሠራም፤ የአይጥን ፒ53 አይይዝም። በዚያ ላይ ከአይጥ የተገኘ አንቲቦዲ በአይጥ ቲሹ ላይ ሲውል፣ ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን ይዞ ቀለም የሚያመጣው) የቲሹውን የራሱን ኢሚውኖግሎቡሊን (አንቲቦዲዎች) ጭምር ይይዛል። ከጥንቸል የተገኘውን ሲኤም5 ይሞክሩ።

ጥ፦ ምን ያህል ላቅጥነው?

መ፦ ከአምራቹ ቁጥር ተነስተው፣ ከዚያ በላይም በታችም ይሞክሩ። ጤነኞቹ ሴሎች ፈዘዝ ብለው የሚታዩበት፣ ጀርባው ንጹህ የሆነበት ላይ ይቁሙ።

ጥ፦ ከዓመት በፊት የተቆረጡ ስላይዶች አሉኝ። ልጠቀም?

መ፦ ብሎኩ ካለ አዲስ ይቁረጡ። የተቆረጠ ቲሹ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ቀለም የመያዝ አቅሙ እየደከመ ይሄዳል።