አይጥ የውጭውን የኤሌክትሪክ ገመድ እየበላብኝ ነው፤ ምን ልቀባው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና ጥቂት ላሞች ያረባሉ። ከቤታቸው ወደ ዶሮ ቤቱና ወደ ውሃ ፓምፑ የተዘረጋው ገመድ በመኖ መጋዘኑ ጀርባ፣ በግድግዳው ሥር ያልፋል። በአንድ ዓመት ውስጥ አይጥ ሦስት ጊዜ በላባቸው። ሁለቴ ራሳቸው በፕላስተር ጠቀለሉት፤ በሦስተኛው የዶሮ ቤቱ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። «በርበሬ ቀባው ያለኝ አለ፣ የተቃጠለ ዘይት ያለኝም አለ። ወይስ መርዝ ልርጭ?» ይላሉ።

ወዳጄ፣ ከቅባቱ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ወደ ዶሮ ቤቱ የሚሄደውን መስመር አሁኑኑ ከብሬከሩ ያጥፉት። መብራት እንደዚያ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ በጥቂት ክር ብቻ ተያይዞ ሊሆን ይችላል። እዚያች ቦታ ላይ ይግላል፣ ይፈነጥቃል፤ ከጎኑ ደግሞ ጭድ፣ ገለባና የመኖ ብናኝ አለ። እሳት ለመነሳት ከዚህ በላይ ምንም አይፈልግም። መብራት ሲቋረጥ ዶሮዎቹ ለጥቂት ቀን እንቁላል ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ይቀንሱ። ውሃም በባልዲ ይመላለስ።

በፕላስተር መጠቅለልዎን አልወቅስም፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱኑ ነው። ግን ውጭ ላለ ገመድ ፕላስተር ጥገና አይሆንም። ፀሐይና ዝናብ ያላቅቁታል፣ እርጥበት ይገባል፣ መዳቡም ውስጥ ውስጡን ይበላሻል። የተበላው ገመድ መቀየር አለበት፤ ይህን ደግሞ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። እኔ የእርሻና የእንስሳት ሰው ነኝ፤ የማውቀው ገመዱ የት ቢያልፍ እንደሚተርፍና አይጡ ምን እንደሚፈልግ ነው።

ላሞችም ስላሉዎት አንድ ነገር ልጨምር። ላም ትንሽ ኤሌክትሪክ እንኳ ከሰው ይልቅ ቶሎ ይሰማታል፤ አራት እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ነው፣ አፏ ደግሞ ውሃ ውስጥ። የተላጠ ሽቦ ገንዳውን ወይም የብረት አጥሩን ከነካ፣ እርስዎ በእጅዎ ምንም ሳይሰማዎት እሷን ሊነዝራት ይችላል። ላሞቹ ከገንዳው አካባቢ መሸሽ፣ ውሃውን በምላስ ነካ አድርገው መተው ወይም ሲታለቡ መቁነጥነጥ ከጀመሩ ሕመም ብቻ አይፈልጉ፤ ሽቦውንም ያስፈትሹ።

አሁን ወደ አይጡ። አይጥ ገመድ የሚበላው ርቦት አይደለም። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ማደጋቸውን አያቆሙም፤ የአይጠ መጎጥ ጥርስ ሳይሞረድ ቢቀር በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ስለዚህ ሳይቆረጥም አይውልም። ጥርሱ ከመዳብም ከአሉሚኒየምም ይጠነክራል፤ የገመድ ፕላስቲክ ለሱ ምንም አይደለም። ሲሄድ ደግሞ ሜዳ ላይ መታየትን ስለሚፈራ ጢሙን ግድግዳ እያስነካ፣ በየቀኑ በዚያው መንገድ ነው የሚመላለሰው። የእርስዎ ገመድ የተበላው መንገዱ ላይ ስለተጋደመ ነው። ያውም መኖ ባለበት መጋዘን ሥር! ሁለቴ ጠቀለሉት፣ ሁለቴም እዚያው ተዉት።

እና መፍትሔው ገመዱን ከዚያ መንገድ ማውጣት ነው። ቢቻል በመጋዘኑ በኩል ጭራሽ አይለፍ፤ ዞሮ ቢሄድና ጥቂት ሜትር ገመድ ቢጨምር ይሻላል። በምሰሶ ከላይ ከተዘረጋ የዛፍ ቅርንጫፍ አይንካው፤ አይጥ ከፍታ መውጣት ይችልበታል፣ በገመድ ላይም ይራመዳል። ምሰሶው ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ ዙሪያውን ቢጠቀለልበት ጥፍሩ የሚይዘው ያጣል። ከመሬት በታች ከሆነ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይቀበር፤ የአይጠ መጎጥ ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ እዚያ ድረስ አይወርድም። ገመዱም ለመቀበር የተሠራ፣ በብረት ሽቦ የተሸፈነው ዓይነት ይሁን፣ ወይም በቱቦ ውስጥ ይግባ።

በግድግዳ ላይ መውጣት ያለበት ክፍል በብረት ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ፕላስቲክ ቱቦ ከምንም ይሻላል፤ ለስላሳውን ጎን ለመቆርጠም ይቸገራል፣ ጠርዝ ካገኘ ግን ከዚያ ይጀምራል። የብረት ቱቦ ሲገባ ኧርዝ (ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) መታሰር እንዳለበት ባለሙያውን ያስታውሱት። በዚያውም መስመሩ ላይ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በራሱ የሚያጠፋውን 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ እንዲያስገባልዎ ይጠይቁት። ሰውም እንስሳም የሚያድን ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው የቱቦው ጫፍ ላይ ነው። ቱቦውን ገዝቶ፣ ቀብሮ፣ ጫፉን ክፍት ይተወዋል፤ አይጥ ገብቶ ውስጡ ይራባል። ትንሿ አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ታልፋለች፤ ለአይጠ መጎጥ ግልገል 12 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ በር ነው። ባዶው ጫፍና በግድግዳው በኩል የሚገባበት ቀዳዳ የብረት ሱፍ ይጠቅጠቅበትና በሲሚንቶ ይለሰን። የብረት ሱፉ ግን የተላጠ ሽቦ አጠገብ እንዳይደርስ፣ መስመሩም ጠፍቶ ይሠራ። የሚነፋው ፎም ብቻውን አይበቃም፣ ይበሉታል። የፓምፑ መቆጣጠሪያ ሳጥንም ሞቃት ስለሆነ ጎጆ ይሠሩበታል፤ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ በልኩ ማጥበቂያ ይግባለት።

ስለ ቅባቱ። በርበሬ እውነት አለው፤ አይጥን ያቃጥለዋል። ዶሮ ግን ማቃጠሉ አይሰማትም፣ የወፍ ዘር ሁሉ እንደዚያ ነው። ችግሩ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፣ አቧራ ይሸፍነዋል፤ በየሳምንቱ ካልቀቡት ዋጋ የለውም። የተቃጠለ ዘይትን ግን በፍጹም! የገመዱን ልባስ ሊያበላሽ ይችላል፣ እሳትም ያባብሳል። በድምፅ ያባርራል የሚባለውን መሣሪያም አልመክርም፤ ቶሎ ይለምዱታል።

መርዙን አይርጩ። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ በማድረግ በቀናት ውስጥ ነው የሚገድሉት። እስከዚያ አይጡ እየተንገዳገደ ሲወጣ ድመት ወይም ጉጉት ይበላዋል፤ መርዙ ለነሱም ይተርፋል። በእህል የተለወሰውን ዶሮ ትለቅመዋለች። የሞተው አይጥ መኖ ውስጥ ከበሰበሰ ደግሞ ላም በቦቱሊዝም፣ ማለትም በበሰበሰ ሥጋ ውስጥ በሚፈጠር መርዝ፣ ልትሞት ትችላለች። ወጥመድ ይግዙ፣ ብዛት ያለው። ግድግዳው ሥር፣ ምግቡ የሚደረግበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ፣ ዶሮም ልጅም በማይደርስበት። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ስለሚጠራጠር መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሳይወጥሩት ምግብ ብቻ ያድርጉበት፤ ሲለምድ ይወጥሩት። የሞተውን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ሽንቱ በሽታ ያስይዛል።

ወጥመዱ ብቻውን ግን አይደርስባቸውም። አንዷ አይጠ መጎጥ 22 ቀን ገደማ አርግዛ ከ6 እስከ 12 ትወልዳለች። ስለዚህ መኖውን ክዳን ባለው በርሜል ያድርጉ፣ ጆንያ ከሆነም ከወለልና ከግድግዳ ይራቅ። የፈሰሰውን መኖ ማታ ማታ ይጥረጉ። በቤቶቹ ዙሪያ 1 ሜትር ያህል ሣርና ኮተት ይነሣ።

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ማታ በመጋዘኑና በዶሮ ቤቱ ዙሪያ አመድ ስስ አድርገው ይበትኑ። ጠዋት የእግራቸውን ዱካና የጭራቸውን ጭረት ያገኛሉ፤ በዚያ ላይ ምልክት አድርገው ያሳዩትና አዲሱን ገመድ ከዚያ አርቆ ይዘርጋልዎ።