ልጆቼን አቆርባለሁ፤ እኔ ግን እፈራለሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በቁርባን ነው። ልጆቼን በየጊዜው አቆርባለሁ፤ እኔ ግን ከሠርጌ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። ካህኑ «ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል» ሲሉ ጉልበቴ ይከዳኛል። ከጎረቤቴ ጋር ተኳርፈናል፤ አፌም አያርፍም። ቆርቤ ብሳሳት ይቀሥፈኛል ብዬ እሰጋለሁ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጮኽ እንኳ ለእኔ የመጣ ይመስለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው፤ ምን ያስፈራል?» ትለኛለች። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጾሙና ስለ ሰዓቱ አልነግርሽም። ልጆችሽን የምታቆርቢ እናት ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። ያንቺ ጥያቄ ግን ያንቺ ብቻ አይደለም። በየጽዋው፣ በየሰንበቴው እሰማዋለሁ። በተለይ እንደ እናንተ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች፣ መቃኞው (ጊዜያዊው ቤተ ክርስቲያን) ሞልቶ ሰው ደጅ በጃንጥላ ቆሞ ያስቀድሳል። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ የሚቀርቡት ግን ሕፃናትና ጥቂት አረጋውያን ናቸው። መሐል ያለው አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። ለምን ሲባል «እፈራለሁ» ይላል። ሰው ትሕትና ይለዋል። እኔን ግን ያሳዝነኛል።

እንዲህ የሚፈሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዖዛን ይጠቅሱልኛል። ታቦቱን ነክቶ የተቀሠፈውን። ታሪኩን ግን ግማሽ ላይ ያቆሙታል። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ዖዛ ሲሞት ዳዊት ፈራ። «የእግዚአብሔር ታቦት ወደ እኔ እንዴት ይመጣል?» አለ። ልክ እንደ አንቺ። ታቦቱንም አቢዳራ በሚባል ሰው ቤት ተወው። ከዚያስ? ታቦቱ እዚያ ሦስት ወር ተቀመጠ፤ እግዚአብሔርም አቢዳራንና ቤተ ሰቡን ሁሉ ባረከ። ያው ታቦት ነው እኮ! ኃይሉ አልቀነሰም። ዖዛ የወደቀበት ታቦት በአንድ ሰው ጣሪያ ሥር አደረ፤ ለዚያ ቤት ያመጣውም በረከት ነው።

ዳዊት ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ሄደና ታቦቱን አመጣ። በፊቱም በሙሉ ኃይሉ ዘለለ። ጥምቀት ላይ በታቦቱ ፊት የሚያሸበሽቡትን ዘማርያን ስታዪ ይህን አስቢ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። መጀመሪያ ታቦቱን ያመጡት በሠረገላ ጭነው ነበር፤ ሕጉ የሚያዝዘው ግን በሌዋውያን ትከሻ እንዲሄድ ነው። ሁለተኛው ጊዜ በተሸካሚዎች ሄደ፣ መሥዋዕትም ቀረበ። ፍርሃቱ ዳዊትን እንዴት መቅረብ እንዳለበት አስተማረው እንጂ ቤቱ አላስቀረውም። እግዚአብሔርን መፍራት ማለት ይህ ነው። ለዓመታት ከጽዋው የሚያርቅሽ ፍርሃት ግን ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለብሽ።

ስለ መብረቁም ልንገርሽ። አንዲት የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ብትለው ያዕቆብና ዮሐንስ «እሳት ከሰማይ ወርዶ ያጥፋቸው እንል ዘንድ ትወዳለህን?» አሉት። (ጌታ ራሱ «የነጎድጓድ ልጆች» ያላቸው እነዚህን ነው።) እርሱ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸው፤ ወደ ሌላ መንደርም ሄዱ። እሳት ማውረድ አቅቶት አይደለም። በባሕሩ ላይ ነፋሱን «ዝም በል፥ ጸጥ በል» ያለው እርሱ ነው። ያን ዕለት ማርቆስ «እጅግም ፈሩ» ብሎ የጻፈው ማዕበሉ ሲናወጥ ስለነበረው ጭንቀት አይደለም፤ ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ያዳናቸው ማን እንደሆነ ሲገባቸው ፈሩ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ደክሞት ትራስ ላይ ተኝቶ ነበር! እንዲህ የሚችል ጌታ እንዲህ ዝቅ ብሎ አብሯቸው መሆኑ ሰውን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ነጎድጓድ ስትሰሚ ኃጢአትሽን አትቁጠሪ፤ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» በዪ።

ጓደኛሽ እግዚአብሔር ፍቅር ነው ማለቷ እውነት ነው። «ምን ያስፈራል?» ማለቷ ግን ስሕተት ነው። ሱራፌል በፊቱ ሲቆሙ ፊታቸውን በክንፋቸው ይሸፍናሉ። እነርሱ እኮ ኃጢአት የለባቸውም። የሚያርዳቸው ቅጣት ሳይሆን ክብሩ ነው። ኢሳይያስ ያንን አይቶ «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው ነኝና ወዮልኝ» ብሎ ጮኸ። አፌ አያርፍም ያልሽኝን አስታወሰኝ። ታዲያ ምን ሆነ? ከሱራፌል አንዱ ከመሠዊያው ፍሕም ይዞ መጣና ያንኑ አፉን ዳሰሰው። «በደልህ ከአንተ ተወገደ» አለው። አባቶቻችን ይህ ፍሕም የቅዱስ ቁርባን ምሳሌ ነው ብለው ያስተምራሉ። ነቢዩን ያቃጥለዋል ተብሎ የሚፈራው እሳት አነጻው።

«ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል» የሚለው አዋጅ ከባድ ነው፤ አላቀልልሽም። ቅዱስ ጳውሎስም ሳይገባው የሚበላ ሰው ፍርድ እንዳለበት ጽፏል። ግን ከዚያው በፊት ያለውን ቃል ተመልከቺ፤ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከኅብስቱ ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ነው የሚለው። ፈትኖ ይቅር አላለም። ፈትኖ ይብላ ነው ያለው። ካህኑ ሲያውጁ ወደ ንስሐ እየጠሩሽ ነው እንጂ እያባረሩሽ አይደለም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ አትቀየሚኝ። ከጎረቤትሽ ጋር የተኳረፋችሁት በግድግዳ ተለያይታችሁ፣ በአንድ ደረጃ እየወጣችሁና እየወረዳችሁ ነው። እግዚአብሔርን ስለምፈራ አልቆርብም ትያለሽ። እግዚአብሔርን ከፈራሽ በሯን አንኳኪ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። ያጠፋችው እርሷ ብትሆንም ሂጂ። አንዳንዴ ፍርሃት የምንለው ይቅርታ ላለመጠየቅ የምንሸሸግበት ይሆናል። ይህን ያየሁት ብዙ ሰው ላይ ነው።

ከመሐል ከተማ ስትለቂ የንስሐ አባትሽ በቀድሞው ሰፈር ቀርተው ከሆነ ደውዪላቸው። በርቀቱ የተነሣ ማግኘት ካልቻልሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂና በአጥቢያሽ ካሉት አባቶች አንዱን ያዢ። መብረቁንም፣ ጎረቤትሽንም፣ አፍሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ቀኖናሽን ፈጽሚ። የምትቆርቢበትን ቀን እርሳቸው ይነግሩሻል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።