ቆዳው በአንዴ አልወርድ ያለው ቦአ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። ልጄ የብራዚል የቀስተ ደመና ቦአ የሚባል እባብ ያሳድጋል። ገና ግልገል ነው፤ ወደ 60 ሳንቲሜትር ይሆናል። ቤቱን ማሞቅ ከጀመርን ወዲህ ቆዳውን ሲጥል እየተበጣጠሰ ነው፤ አንድ ዓይኑም እንደደፈረሰ ቀረ። የመስታወት ሳጥኑ የወንፊት ክዳን አለው፤ ከላዩ የሙቀት አምፖል ይበራል። ጠዋትና ማታ ውሃ እንረጫለን። ምን ጎደለው? አይጥስ በስንት ቀኑ ነው የሚበላው?

መልስ፦ የጎደለው እርጥበት ነው፤ የሚያባርረው ደግሞ ክዳኑና አምፖሉ። የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ በወንፊቱ ሽቅብ ይወጣል፤ በምትኩ ማሞቂያው ያደረቀው የቤት አየር ይገባል። የረጫችሁት ውሃ ብዙም ሳይቆይ ይተናል። ይህ እባብ የአማዞን ደን ፍጥረት ነው፤ ግልገሉ 80 በመቶና ከዚያ በላይ እርጥበት ይፈልጋል። የኮሎምቢያው ዘመዱ ደረቅ አየርን የተሻለ ይችላል፤ የብራዚሉ ግን አይችለውም።

ከወንፊቱ ሦስት አራተኛውን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑ። አምፖሉን አውርዳችሁ በቴርሞስታት (ሙቀቱን በልክ በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሠራ የሙቀት ምንጣፍ ከሳጥኑ ውጪ፣ በአንድ ጫፍ አድርጉ፤ ያለ ቴርሞስታት ሆዱን ያቃጥለዋል። ሞቃቱ ጫፍ ከ28 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው 24 ይበቃል። 32 ከደረሰ አደጋ ነው፤ ብዙ ሰው የሐሩር አገር እንስሳ ነው ብሎ ከልክ በላይ ያሞቀዋል።

ወለሉ ላይ 7 ሳንቲሜትር ያህል የኮኮናት ልጣጭ ድቃቂ አንጥፉ። ውሃውን ከላይ ከመርጨት በማዕዘኖቹ በኩል አፍስሱት፤ ሥሩ ይረጥባል፣ እባቡ የሚተኛበት ላዩ ግን አይጨቀይም። ጭቃ ላይ የሚውል እባብ የሆዱ ቅርፊት ይበሰብሳል። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የረጠበ ሞስ (እርጥበት የሚይዝ ሽበት መሳይ ተክል) አድርጋችሁ መደበቂያ ስጡት። መለኪያው ዲጂታል ይሁን፤ ጫፉም እባቡ በሚተኛበት ከፍታ ይቀመጥ። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ባለ ቀስት መለኪያ አትመኑት።

ዓይኑን በወረንጦ አትንኩት። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ስስ ቅርፊት ነው፤ እሱም ከቆዳው ጋር አብሮ መውረድ ነበረበት። መተንፈሻ ያለው ሳጥን ውስጥ ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ፎጣ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ በፎጣው መሃል ሲሳብ ቀሪው ይላቀቃል። ለሁለተኛ ጊዜ ቆዳውን ጥሎም ካልወረደ፣ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ያንሳው። የጅራቱን ጫፍም በጣታችሁ ፈትሹ። እዚያ እንደ ቀለበት የቀረ ቆዳ ደም ያቆማል፤ ጫፉ ጠቁሮ ይሞታል። አፍንጫው አረፋ ካወጣ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ሳንባው ታሟል፤ ቀን አትጠብቁ።

ወደ አይጡ ስንመጣ፣ በዚህ ዕድሜው በየ7 እስከ 10 ቀኑ አንድ ይበቃዋል፤ ውፍረቱ ከእባቡ ወገብ አይብለጥ። ካደገ በኋላ በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ አይጠ መጎጥ ይሰጠዋል። በረዶ የሆነውን አይጥ ፍሪጅ ውስጥ አሟሙታችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ማይክሮዌቭ ከውስጥ ያበስለዋል። ሕያው አይጥ እባቡን ይነክሳል፤ አትስጡት። እባቡ መርዝ የለውም፣ ግልገሉ ግን ይናከሳል፤ ስለዚህ በረጅም መቆንጠጫ አቅርቡለት። ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት አታንሱት፤ ያስመልሳል። ዓይኑ ነጣ ካለ ደግሞ ቆዳ ሊጥል ነውና ምግቡም ይቆይ።